የአክስቴ ሆድና ኢሪኖቴካን

አክስቴ ሜሪላንድ ውስጥ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ሲታከሙ አስታማሚያቸውም አስተርጓሚያቸውም እኔ ነበርኩ። ከሚሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ኢሪኖቴካን ነው። ገና በደም ሥራቸው መግባት ሲጀምር ላብ አጠመቃቸው፤ አፋቸው ምራቅ ሞላ፤ ሆዳቸውን ይዘው ጎበጡ። ነርሷ ግን አልደነገጠችም። አትሮፒን ሰጠቻቸውና ጥቂት ቆይቶ ቀለል አላቸው። «ይሄኛው ቶሎ ያልፋል፤ የሚያስቸግረው ዘግይቶ የሚመጣው ነው» አለችኝ። ፍሎሮዩራሲል የተባለውን ሌላውን መድኃኒት 46 ሰዓት የሚያንጠባጥብ ትንሽ ፓምፕ ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ በነጠላቸው ሸፍነውት ቤት ገባን።

ዘግይቶ የሚመጣው መጣ። አክስቴ ግን «ትንሽ ሆዴን ነካ አድርጎኛል» ከማለት አያልፉም። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ ግድግዳ ይደገፋሉ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ስለ ሰገራ ለእህት ልጅ ማውራት ለእሳቸው ከካንሰሩ የባሰ ነውር ነበር።

ሐኪሙ እንደሚከተለው አስረዳን። ኢሪኖቴካን ሰውነት ውስጥ ኤስኤን-38 ወደሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ይለወጣል። ጉበት ከስኳር ዘር የሆነ ሞለኪውል ይለጥፍበትና ጉልበቱን ያሳጣዋል፤ ከዚያ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይለቀዋል። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግን ያችን ስኳር ይፈልጓታል። ቤታ-ግሉኩሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይማቸው ቆርጠው ይወስዷታል፤ መድኃኒቱም ጉልበቱ ይመለስለትና የአንጀትን ሽፋን ይጎዳል። ለባክቴሪያው ራት ነው፤ መከራው ለአክስቴ ተረፈ።

«ታዲያ በአንቲባዮቲክ ለምን አይጨርሷቸውም?» አሉ አክስቴ፤ እኔም ይህንኑ ላነሳ ነበር። እነዚሁ ባክቴሪያዎች ምግብ በመፍጨት ያግዛሉ፤ ጎጂዎቹም ቦታ እንዳያገኙ ይከላከላሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎቹን ሳይገድሉ ኢንዛይማቸውን ብቻ በማገድ አይጦችን ከተቅማጡ መጠበቅ ችለዋል። አክስቴ ግን አይጥ አይደሉምና ለእሳቸው የታዘዘው ሎፐራማይድ ነበር፦ መጀመሪያ 4 ሚሊግራም፣ ከዚያ ለ12 ሰዓት ተቅማጥ እስኪጠፋ በየ2 ሰዓቱ 2 ሚሊግራም። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ሌሊት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ክኒኑንና ጨው ጣል ያደረግኩበትን የሩዝ ውኃ ይዤ እገባለሁ።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው «ሆድ ያረጋል» ብለው ቤት የረጋ እርጎ አመጡ። ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ ስለነበር ሐኪሙ ከለከለ፤ ሕያው ባክቴሪያ ለእንዲህ ያለ ሰው ኢንፌክሽን ሊሆንበት ይችላል። እርጎውን እኔ ጠጣሁት፤ ግሩም ነበር።

እናንተም የምታስታምሙት ሰው ካላችሁ፣ «ትንሽ ነካ አድርጎኛል» ሲላችሁ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ሳታፍሩ ጠይቁና ዕለቱን ለሐኪሙ ደውሉ። ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ።