የታላቅ ወንድሜ ካሴት

ያደግሁት አርሲ፣ ሮቤ ነው። አባቴ ጥላሁን ገሠሠን፣ እናቴ አሊ ቢራን ይወዱ ነበር፤ ጥላሁን በኦሮምኛ ሲዘፍን ደግሞ ሁለቱም ይስማማሉ። የታላቅ ወንድሜ ምርጫ ሙሉቀን መለሰ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ሲዘምት፣ ቴፑን ከሬዲዮው አስጠግቶ የቀዳውን ካሴት ትቶልን ሄደ። በሁለት ዘፈኖች መካከል «ዝም በሉ እንጂ፣ እየቀዳሁ ነው!» የሚል ድምፁ ገብቶበታል። አልተመለሰም።

እኔም በ1984 ዓ.ም.፣ ልጅነት ይዞኝ፣ በዚያው ካሴት ላይ አስቴር አወቀን ቀዳሁበት። እናቴ የልጇን ድምፅ ልትሰማ ስትከፍተው አስቴር ዘፈነች። እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «ደህና ትዘፍናለች» ብቻ አለችኝ።

ጥላሁን በ2001፣ አሊ በ2015፣ ሙሉቀን በ2016 ዓ.ም. አረፉ፤ ዘፈኖቻቸው ግን ዛሬም ይገኛሉ። ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉ የምትወደው የቱን ነው ብትሉኝ፣ ያቺን የማትገኘዋን «ዝም በሉ» ነው።