አንድ ጎራሽ

ጠመንጃን መውደድና ግድያን መጥላት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ማደር ይችላሉን? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሳመነዥገው ኖሬአለሁ። ቀን ቀን ኮምቦልቻ በአንድ ባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ደሴ ቤቴ ስገባ ደግሞ ስንኝ እቆጥራለሁ። በሕይወቴ አንድም ጥይት ተኩሼ አላውቅም። ቢሆንም አሮጌ የአደን ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል፤ እጄ ሰደፉን ለመዳሰስ ይቁነጠነጣል። ለመሆኑ የዚህ ነገር ውበቱ ከወዴት ነው?

የእኔ ትውልድ ይህን ፍቅር መጀመሪያ የቀሰመው ከቪዲዮ ቤት ነው። በካውቦይ ፊልሞች ውስጥ የማይጠፋ አንድ ጠመንጃ ነበር፤ ዊንቸስተር። ከምላጩ ሥር ቀለበት መሳይ ማንሻ አለው። ማንሻው ወደ ታች ተገፍቶ ወደ ላይ ሲመለስ ባዶው ቀለህ ዘሎ ይወጣል፤ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። በጣም የታወቀው ዓይነት ጆን ብራውኒንግ የተባለው አሜሪካዊ የነደፈው እ.ኤ.አ. የ1894ቱ ሲሆን ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ። ስለዚህም ጫፋቸው ጠፍጣፋ ወይም ድብልብል እንዲሆን ተደረገ፤ የሾለ ቢሆን ኖሮ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መቀስቀሻ ወግቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላልና። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ የያዘው የ1895ቱ ዊንቸስተር ግን ጥይቱን የሚይዘው በቱቦ ሳይሆን በሣጥን ነበር። ሩዝቬልት ይህን ጠመንጃ በተለይ ለአንበሳ አደን ይወደው እንደነበር ጽፏል። የዛሬ አዳኞች በየጫካቸው አሁንም ማንሻ ያለውን የሚመርጡት ቀላል፣ አጭርና ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። እጅ የሚሠራው ሥራ ስላለበትም ይመስለኛል።

የእኛ ሀገር ትዝታ ግን በዊንቸስተር አልተሞላም። የወሎ ሽማግሌ ጠመንጃ ሲያነሣ የሚጠራው ምንሽርን፣ ለበንን፣ ሰናድርንና ቤልጅግን ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ ውጅግራን። ስሞቹ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ናቸው። ምንሽር ማንሊኸር፣ ለበን ሌበል፣ ሰናድር ስናይደር ነበሩ። ውጅግራም የፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» ነው፤ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ። ፈረንሳይ በ1886 ወደ ጭስ አልባው ሌበል ስትሻገር አሮጌው በርካሽ እየተሸጠ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። ሕዝባችንም ባዕዱን ስም ተቀብሎ፣ አላምጦ፣ የራሱ አደረገው። ጆሮ በቃሉ ውስጥ ጅግራን ይሰማል፤ ከቁጥቋጦ ሥር ብር ብላ የምትነሣዋን ወፍ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ያላሰበውን ቅኔ አማርኛ ጨመረለት።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ቃል ግን «ጎራሽ» ነው። ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ባለቤቱ ያጎርሰዋል። በሌላው ጊዜ የምናጎርሰው የምንወደውን ሰው ነው። ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። አንዱን ተኩሶ ቃታውን ስቦ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላውን በእጁ እስኪያጎርስ ድረስ አዳኙ ባዶ እጁን እንደ ቆመ ሰው ነው። አያቴ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ነበረው። ድኩላ ፍለጋ ሲወጣ ሦስት ጥይት ብቻ ይዞ ይሄድ ነበር ይሉታል፤ የተኮሰውንም ቀለህ ከሣር ውስጥ ሳይፈልግ አይመለስም። ቀለሁ ናስ ነውና አይጣልም። ጨው ባሩድ፣ ድኝና ከሰል ተወቅጦ በሀገር ቤት የተሠራ ባሩድ ይሞላበታል፤ እርሳስ ይቀልጥለታል፤ ደግሞ ይጎርሳል። «የተኮስከው የሚቆጨኝ ካልሆነ አትተኩስ» ይል ነበር አሉ፤ ይህ ንግግሩ በቤታችን እንደ ተረት ቀርቷል።

እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛነቴ ይነሣብኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ በሀገራችን ገበያ ጥይት ገንዘብ ነበር። ማርያ ትሬዛ ብር ለትልቁ ግብይት፣ አሞሌ ጨውና ጥይት ደግሞ ለዝርዝሩ ያገለግሉ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በብዙ ገበያ ያለው ገበሬ መልሱን በጥይት መቀበሉን ገና አልተወም ነበር። እስቲ አስቡት! አንድ ሰው ሲተኩስ ከኪሱ ገንዘብ እያወጣ ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ወጪ ነው፤ እያንዳንዱ ስህተት ኪሣራ ነው። ሒሳቡን የማያውቅ አዳኝ ያለ እራት ብቻ ሳይሆን ያለ ሳንቲምም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ክላሽ ይህን ሒሳብ አፈረሰው። አንድ ካርታ ሠላሳ ጥይት ጎርሶ በሰከንዶች ውስጥ ሲተፋው ማን ይቆጥራል?

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውስ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1887 ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ መጣ። ንግዱም እንደ ተመኘው አልሆነለትም፤ ምኒልክ ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ጭምር አስከፈሉት። ግጥም ያቆመ ሰው ጠመንጃ ነጋዴ ሲሆን ሳነብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። እኔ በተቃራኒው መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ጠመንጃውን አስቀምጦ ቃሉን ማንሣት። ቃልም ቢሆን እንደ ጥይት አልሞ ካልወጣ አደጋ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛውና በጣልያንኛው መካከል በተለየ አንድ ቃል ምክንያት ወደ ዓድዋ እንዳደረሰን የማያውቅ የለም።

ይሁንና ውበቱን ብቻ አውርቼ ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ። ዝሆን የገደለ የወርቅ ሎቲ ጆሮው ላይ አንጠለጠለ፤ አንበሳ የገደለ ጎፈር ደፋ፤ ፉከራውም ቀረርቶውም ለገዳይ ሆነ። ዱሩ ግን የሚፎክርለት አጥቶ ባዶ ሆነ። ዛሬ በደቡብ ወሎ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የተጠጉት እንደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወዳሉ ከፍታዎች ነው። አደንም በፈቃድና በተወሰነ ሥፍራ ብቻ የሚደረግ ሆኗል፤ ጠመንጃ መያዝም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ይገዛል። የአያቴ ሦስት ጥይት ዛሬ ድኩላ ፍለጋ ብትወጣ ሕግ ያስቆማታል፤ ደግም ያደርጋል።

ከተማችንም የተኩስን ድምፅ ከፊልም አይደለም የምታውቀው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ሰው ሞተ፣ ሱቅ፣ ፋብሪካና ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የድሮ ቅርሶች ያሉበት የደሴ ሙዚየም እንኳ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ ርችት ሲተኮስ ከጠረጴዛ ሥር የሚገቡ ልጆች አውቃለሁ። እነዚህ ልጆች ፊት ስለ ጠመንጃ ውበት እንዴት ይነገራል?

ይህንኑ አንድ ቀን የምንሠራበትን ቤት የሚጠብቁትን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። ዘወትር አሮጌ ጠመንጃቸውን አንግተው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጠመንጃዎ ተኩሶ ያውቃል?»

ሣቅ አሉና ሰደፉን በመዳፋቸው አበሱት። «ልጄ፣ ጠመንጃ መልካምነቱ ሳይተኮስ ሲያድር ነው። እኔ የምወለውለው እንዳይዝግ ነው፤ እንዲጮኽ አይደለም።»

ምናልባት የምፈልገው መልስ ይኸው ይሆናል። በአሮጌው ጠመንጃ የምወደው እሳቱን ሳይሆን ከእሳቱ በፊት ያለውን ጸጥታ ነው፤ ማንሻውን የሚገፋው እጅ፣ አንዷን ጥይት የሚያጎርሰው ጣት፣ «ይገባልን?» ብሎ ትንፋሹን የሚይዘው ልብ። በአንዱ ጥይትና በሚቀጥለው መካከል ለኅሊና የምትበቃ ጊዜ ነበረች። ከዚያ በኋላ የመጣው መሣሪያ መጀመሪያ የገደለው ያችን ጊዜ ነው። እኔም ብዕሬን እንዲያ መያዝ እሻለሁ፤ ከባንክ ስመለስ በሚኒባስ መስኮት ቦርከናን ቁልቁል እያየሁ እንዲህ ብዬ ቋጥሬአለሁ፤

አንድ ነው ያጎረስኩት፣ አንድ ነው ያለኝ ቃል፤
ከሳትኩት አልደግምም፣ ዱሩም ይታዘባል።

ያጎረስነው ሁሉ እንጀራ ይሁንልን። ቸር እንሰንብት።