አዲስ ዓለም ወይስ አምቦ?

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ለመንገደኛ ምርጫ ያበዛበታል። ሆለታን፤ አዲስ ዓለምን፤ ጊንጪን፤ አምቦንና ጉደርን እንደ ጨሌ በአንድ ክር የሰካ ስለ ሆነ፤ አንዱን ለማየት የወጣ ሰው ሌላውን በመስኮት አይቶ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። እኛም ባለፈው ዓመት በጡረታ ለሚሰናበቱ አንድ የታሪክ መምህር የአንድ ቀን ሽርሽር ለማዘጋጀት ተሰብስበን ስንመክር፤ ነገሩ በመጨረሻ በሁለት ከተሞች መካከል ቆመ፤ በአዲስ ዓለምና በአምቦ። ያዋጣነው ገንዘብ ለአንድ ቀን የአውቶቡስ ኪራይ ብቻ የሚበቃ ነበር።

አንባቢ፤ «ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ሳሉ ክርክሩን ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። በካርታ ላይ ከሆነ እውነት ነው፤ አዲስ ዓለም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አምቦ ደግሞ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። ነገር ግን የምናከብራቸው ሰው ጉልበታቸውን የሚያማቸውና በከዘራ ቀስ ብለው የሚራመዱ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለት ከተማ በአንድ ቀን እናሳይዎ ማለት፤ አንዱንም አለማሳየት ነው።

ለአምቦ የቆሙት ወጣቶቹ ነበሩ፤ ማስረጃቸውም የሚናቅ አልነበረም። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ፤ የሁሉቃ ወንዝ የሚያልፍባት፤ ፍል ውሃ ከምድር የሚፈልቅባት ናት። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ ይገኛል? ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የማዕድን ውሃዋም ስሟን በየገበታው አኑሮላታል። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የአማርኛ መምህሩ ባልደረባችን ደግሞ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ መሆኑን አንሥቶ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረጃ መስማት አልፈለገም።

በዚህ መካከል የጂኦግራፊ መምህሯ፤ ከተሞቹን የሚለያቸው የመንገዱ ርዝመት ብቻ እንዳይመስለን አስታወሰችን። በጊንጪ አካባቢ ያለው ከፍተኛ ምድር ውሃን ለሁለት ይከፍላል። የሁሉቃ ውሃ ወደ ጉደር፤ ጉደርም ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በአዲስ ዓለም በኩል ያለው በርጋ ግን ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ቆላ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። እንግዲያስ የተከራከርነው የአንድ መንገድ፤ ግን የአንድ ወንዝ ልጆች ባልሆኑ ከተሞች ላይ ኖሯል።

ስለ አዲስ ዓለም የተናገረ ሰው ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ከሁለቱ ይልቅ የሚደንቅ ታሪክ ያላት እርሷ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቷት ዋና ከተማ ትሆን ዘንድ ነበር። ምክንያቱም እንጨት ነው። በዚያ ዘመን የነገሥታት ሠፈር ባረፈበት ስፍራ ያለውን ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ ይጨርሰውና፤ እንጨቱ ሲርቅ ሠፈሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ እንጨቱ ይሄድ ነበር። አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ተቃርቧት ሳለ ባሕር ዛፍ ደረሰላት፤ ቶሎ የሚያድግ፤ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነውና። በአዲስ አበባ ለሕንፃ የወጣው ገንዘብም በቀላሉ ተጥሎ የሚኬድ አልነበረም። ስለዚህ አዲስ ዓለም ሳትነግሥ ቀረች፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ ቢሮ የምንውል ሁሉ፤ የዚያ ዛፍ ባለዕዳዎች መሆናችንን ስንቶቻችን እናስባለን?

ክርክሩ ስላልበረደ፤ ባለጉዳዩን መጠየቅ ይሻላል ተባለ። «ጋሼ፤ የት ቢወስድዎ ደስ ይልዎታል?» አልናቸው። በቶሎ አልመለሱም። ቆይተው፤

«ልጆቼ፤ አምቦን በወጣትነቴም አውቃታለሁ፤ ውሃዋንም ታጥቤበታለሁ። አዲስ ዓለምን ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አስተማርኳት እንጂ ወርጄ አላየኋትም። ሁልጊዜ አውቶቡሱ ያልፋታል» አሉ።

ከወጣቶቹ አንዱ፤ «ጉልበትዎስ?» ሲላቸው፤ «ጉልበቴማ አምቦ ብወርድም ነገ ያመኛል» ብለው ሳቁ። ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም።

በተቀጠረው እሑድ ወደ አዲስ ዓለም ሄድን። ቤተ ክርስቲያኗ ከጉብታ ላይ ስለሆነች፤ ዳገቱን ለመውጣት አራት ጊዜ አሳረፍናቸው። ከላይ ደርሰው ሕንፃውን ትክ ብለው ተመለከቱ፤ ከዘራቸውንም በቀስታ እያነሡ አንድ ዙር ዞሩት። እንደ ልማዳቸው ያስረዱናል ብለን ስንጠብቅ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ትምህርቱ የዚያን ቀን ለራሳቸው ነበር።

ስንመለስ ከከተማው ዳር ምሳ በላን። ለአምቦ ሲከራከር የነበረው ወጣት ወደ ሱቅ ገብቶ ለሁላችንም የሚበቃ አምቦ ውሃ በጠርሙስ ገዝቶ መጣ፤ የመጀመሪያውንም ለጋሼ ከፈተላቸው።