ዝዋይ በስክሪኑ ላይ ባዶ ነበር

ሰበታ ሐይቅ የላትም። ግን የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ሰበታ በመሆኑ፣ ከቢራ ፋብሪካውና ከአበባ እርሻው ሠራተኛ መካከል ስለ ሞተር ጀልባ የሚያወራ ሰው ማግኘት በከተማችን ብርቅ አልነበረም። እኔም በወጣትነቴ ተመራማሪዎችን በጀልባ እየወሰድኩ ከሐይቅ ሐይቅ ስዞር ኖሬያለሁ። አንዳንዴ በሞጆ፣ መንገዱ ሲሻሻል ደግሞ በዓለም ገናና በቡታጅራ አድርገን ዝዋይ ሐይቅ እንወርዳለን።

የዓሣ ጥናት በየጊዜው ወደዚያው ቦታ መመለስን ይጠይቃል። ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ከተዛነፈ ቁጥሩም አብሮ ይዛነፋል። ውኃ ላይ ደግሞ ችካል የለም። ያን ጊዜ ጀልባው አፍንጫ ላይ በሐይቁ ደሴቶች ከሚኖሩት ከዛይ ሰዎች አንድ ሽማግሌ ይቀመጡልን ነበር። የቱሉ ጉዶ ደሴትን ጫፍ ከጀርባው ካለው ተራራ ጋር ያስተያያሉ፤ ዞር ብለው ደግሞ በሌላው ወገን ሁለት ምልክት ያስተያያሉ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ ነጥባችን ነው። «ልጄ፣ ተራራው ደሴቷን ሊነካት ሲል ሞተርህን ቀንስ» ይሉኛል። እቀንሳለሁ፤ ቆመን ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እንጥላለን። ዝዋይ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ጥልቁ ቦታም ዘጠኝ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እሳቸው ግን ገመዱን ሳይጠብቁ በዘንግ መታ አድርገው ታችኛው ጭቃ ይሁን አሸዋ ይነግሩናል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የት እንደሚራባ የሚያውቁትም በዚሁ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ሲያናውጠው ደግሞ «በቃ፣ እንመለስ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። እንመለሳለን።

ከዚያ ጂፒኤስ መጣ። መጀመሪያ ላይ ብዙም አልጠቀመንም። አሜሪካኖች ለሲቪል ተጠቃሚ የሚለቁትን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር፤ መቶ ሜትር የአንድ መረብ ርዝመት ነው። በሚያዝያ 1992 ያን ማዛባት አቆሙ፤ መሣሪያው በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያለንበትን ይነግረን ጀመር። እንዲህም ሆኖ የጂፒኤሱን ነጥብ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ካርታ ላይ ስናሳርፈው ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ፈቀቅ ይላል። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን ከተባለው መነሻ ነጥብ ተነሥቶ ነው፤ ጂፒኤስ ግን የሚለካው ዓለም አቀፍ በሆነው ሥርዓት ነው። መሣሪያው ላይ «አዲንዳን» የሚለውን መርጠን ስናስተካክለው ነጥቡም ካርታውም ታረቁ። የዚያን ቀን ደስታ አይረሳኝም።

የመጨረሻው ማሻሻያ ግን ሌላ ነበር። እንግዳ ተመራማሪዎች አዲስ ስክሪን፣ ጥልቀት መለኪያ ሶናርና አውቶፓይለት ይዘው መጡ፤ ሁሉም በአንድ ገመድ ተያይዘው ይነጋገራሉ። ሞተሩ ሲነሣ የባትሪው ኃይል ስለሚወርድና ስክሪኑ ስለሚጠፋ፣ ለኤሌክትሮኒክሱ ብቻ ሁለተኛ ባትሪ አስገባን። የአውቶፓይለቱን ኮምፓስ ከብረት አርቀን አሰርነው፤ እንዲስተካከልም ጀልባዋን በዝግታ ክብ አዞርናት። በቀጥታ መስመር እየተመላለሱ ጥልቀት ሲለኩ አውቶፓይለት ከእኔ ክንድ በእጅጉ የቀና መስመር ይይዛል፤ ይህን ሳልሸሽግ እመሰክራለሁ። ነገር ግን አያይም። የመረብ ተንሳፋፊም ሆነ ጉማሬ ወይም መብራት የሌለው ታንኳ ከፊቱ ቢመጣ መንገዱን አይለቅም።

ስክሪኑ ሲበራ ዝዋይ ባዶ ሰማያዊ ነበር። ጥልቀት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ የዓሣ መራቢያ የለ። ሐይቁ ለመሣሪያው እንግዳ ነበር። ሶናሩ በሄድንበት ሁሉ ጥልቀቱን እየመዘገበ ባዶውን ቀስ በቀስ ሞላልን፤ በየወሩ ስንመለስ ካርታው እየጠራ ሄደ። ያ ሥራ ዛሬም ያኮራኛል።

ሁለተኛውን ባትሪ ያስቀመጥነው ጀልባው አፍንጫ ላይ ነበር፤ ከኋላ ያለውን የሞተር ክብደት ሚዛን እንዲጠብቅ። ሽማግሌው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ነው። የቀን አበላቸውም በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ ከተሰረዙት አንዱ ሆነ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ቦታውን ስክሪኑ ያሳየናል ተባለ፣ እውነትም አሳየን። የምናውቀው ግን የት እንዳለን ብቻ ሆነ። እዚያ ቦታ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ምን ይያዝ እንደነበር ስክሪኑ ሊነግረን አይችልም።

ጣናን ሳስብ መሣሪያው ከእውቀቱ ቀድሞ መሄዱ ይበልጥ ያሳስበኛል። እዚያ ሞተር ጀልባና መረብ ለዓሣ አስጋሪዎች የገባው በ1978 ገደማ ነው። ላቤዎባርበስ የሚባሉት የሐይቁ ነባር ዓሦች በክረምት ለመራባት በጉማራና በርብ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ ጀልባው እዚያው ደረሰባቸው። ጥናቶች እንዳሳዩት ከ1983 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ብቻ ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። ዓሣ ማስገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ወጥቷል። ዓሣ አስጋሪው ዘንድ ግን ያለ ስህተት ወደ ወንዙ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ ከአዋጁ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መራቢያ ቦታዎቹ ስክሪኑ ላይ በቀይ ተከልለው፣ በመራቢያው ወራት እንዳይነኩ ማድረግ የመሣሪያው የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

በዝዋይም ለዚህ የሚያስፈልገው እውቀት ገና አልጠፋም። ተራራውን ከደሴት ጋር ማስተያየት የሚችሉ አባቶች በቱሉ ጉዶና በሐይቁ ዳር ባለችው በባቱ ከተማ ዛሬም አሉ። ባትሪውን ወደ መሐል ገፋ አድርጎ ከእነሱ አንዱን አፍንጫው ላይ ማስቀመጥ፣ «እዚህ ጋ ምን ነበር አባባ?» ብሎ እየጠየቁ ነጥቡን ከነታሪኩ በስማቸው መመዝገብ ይቻላል። የነዳጁ ወጪ አንድ ጀሪካን አይሞላም።