የሕፃኑ ስንቅ

በአገራችን ልማድ ሕፃንን መመገብ ማለት ማጥባትና ማጉረስ ነው። ስለዚህ እኛ የሕክምና ተማሪዎች፣ ምግቡን ሁሉ በደም ሥሩ ስለሚቀበል ሕፃን በተማርን ጊዜ እጅግ ተደነቅን። አንጀቱ በሕመም ምክንያት ተቆርጦ ያጠረበት ሕፃን ቢጎርስም ምግቡ ለሰውነቱ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1968 በፊላደልፊያ የነበሩት ሐኪሞች ዊልሞርና ዱድሪክ፣ ሕፃን በደም ሥር ብቻ ተመግቦ ሊያድግ እንደሚችል በጽሑፍ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በረኃብ ሊሞቱ የነበሩ ብዙ ሕፃናት ድነዋል።

ነገር ግን የሚያበላው መንገድ ራሱ ይዘጋል። ምግቡ ስኳር የበዛበት ስለ ሆነ የክንድን ቀጭን የደም ሥር ይጎዳል፤ ስለዚህ ቀጭን ቱቦ ልብ አጠገብ እስካለው ትልቅ የደም ሥር ድረስ ይገባና ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቆያል። ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋባቸውን ምክንያቶች በጀርመናዊው ሐኪም በቪርኾ ስም ሦስት አድርገን አጥንተናል፤ እነዚህም የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት፣ የደም ፍሰት መዘግየትና የደሙ የራሱ ለመርጋት መቸኮል ናቸው። በዚህ ሕፃን ላይ ሦስቱም ይገናኛሉ። ቱቦው ግድግዳውን ይነካካል፤ ጠባቡን መንገድ ይበልጥ ያጠብባል፤ ሕመሙና ኢንፌክሽኑ ደግሞ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጁታል።

የረጋው ደም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል። አንዳንድ ጊዜ ፊትና ክንድ ያብጣሉ፤ ቁራጩ ወደ ሳንባ ከሄደም ሊገድል ይችላል። ዋነኞቹ የቱቦ መግቢያዎች በአንገት ሁለት፣ በትከሻ ሥር ሁለት፣ በብሽሽት ሁለት ናቸው። እነዚህ አንድ በአንድ ሲደፈኑ ሕፃኑ የሚመገብበት በር ያጣል፤ ያን ጊዜ አንጀት ከሌላ ሰው ወስዶ ስለ መትከል ይታሰባል።

ከመካከላችን አንዳንዶች፣ «መጨረሻው መደፈን ከሆነ ስለ ምን ይጀመራል?» ብለው ተከራከሩ። እኛ ግን ይህን አልተቀበልንም። የብዙ ሕፃናት አጭር አንጀት ከጊዜ ጋር እያደገ፣ ሥራውንም እየለመደ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ቱቦው ይወጣል። እንግዲህ የደም ሥሮቹ ሕፃኑ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጓዝባቸው ስንቅ ናቸው። ስንቅም በቁጠባ ይበላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ቢረዳም ደም ሊያፈስ ይችላልና፣ በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። የቱቦው ጫፍ በተገቢው ስፍራ ይዋል፤ እጅ ይታጠብ፤ አንጀቱ የሚችላት ጥቂት ወተት በአፍ ትሰጠው፤ ቱቦው ካላስፈለገም አንድ ቀን እንኳ አይደር።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ነገ መርፌውን የምንይዘው እኛ ነን። ከመውጋታችን በፊት ለዚህ ሕፃን ስንት መንገድ እንደ ቀረለት እንቁጠር።