የመኪናችን ድምፅ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ

በ2012 ዓ.ም. ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ የጌታችን የልደት በዓል በታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ። በዚያ ዓመት እኛና የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች፣ በድምሩ ዘጠኝ ነፍስ፣ በዓሉን በላሊበላ ለማክበር ተስማምተን ታኅሣሥ 24 ቀን ዓርብ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን።

የተሳፈርንባት መኪና የማኅበሩ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት በመዋጮ የተገዛች አሮጌ ሚኒባስ ስትሆን፣ ሕመምተኞችንና አረጋውያንን ወደ ጠበል እንድታደርስልን ብለን ከኋላ ያሉትን ወንበሮች ከፊሉን አስወጥተን ሁለት የጣውላ አልጋ፣ አንድ የዕቃ ሣጥንና የረከቦት ማስቀመጫ አሠርተንላታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች መኝታውንና ወጥ ቤቱን ከሞተሩ ጋር አንድ አድርገው ሞተርሆም የሚሉትን ተንቀሳቃሽ ቤት ይነዳሉ፤ የእኛይቱ ከዚያ ጋር ስትወዳደር በአዳራሽ አጠገብ የቆመች የእረኛ ጎጆ ናት። ቢሆንም በበዓል ሰሞን አልጋ በማይገኝበት ከተማ ሁሉ አሳድራናለችና አናማትም።

ደሴ አድረን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰሜን አቀናን። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ሥርዓተ ገዳምን ያጸኑበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ደብር ከመንገድ ሆነን ተሳልመን፣ ውጫሌን አለፍን። በዚህች ስፍራ ስም የሚጠራው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እንደ ተፈረመ፣ በ17ኛው አንቀጹም ምክንያት ነገሩ እስከ ዐድዋ እንደ ደረሰ ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ እናስተምራለን። በዚያ ዕለት ግን ታሪክ ለመናገር አፋችንን ስንከፍት የሚሰማን አልነበረም። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ቁልቁል ስንወርድ የመኪናይቱ ዳሽቦርድ መንቀጫቀጭ ጀመረ።

መጀመሪያ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንደ ተጣለ ሳንቲም ያለ ድምፅ ነበር። ቆይቶ ሌላ ጨመረ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡት እማሆይ ውዳሴ ማርያም ያደርሱ ነበርና ድምፁ ቃላቸውን ቢበላባቸው መጽሐፋቸውን አጥፈው ዝም አሉ። እኛም ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ አንድ ጋራዥ መዝሙር የምንሰማበትን ራዲዮ ሲያስገባልን ዳሽቦርዱን መፍታቱን አስታውሰን በሆዳችን አዘንን።

ሾፌራችን ከእኛ በዕድሜ ብዙ የሚያንስ፣ ንግግር የማያበዛ ወጣት ነው። «መምህር፣ ቆመን እንየው» ቢለን፣ «ድምፅ ጎማ አያፈነዳም፤ ይልቅ ንዳ» አልነው። ይህን ማለታችን ሳይበቃ፣ በትምህርት ቤት ፊዚክስ እናስተምራለንና መድኃኒቱን የምናውቅ መስሎን ከደብተር ወረቀት ቀድደን፣ አጥፈን አጥፈን በየስንጥቁ ሰካንበት። አንዱ ቁራጭ በነፋስ መውጫው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ውስጥ ወደቀና በደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ የመሰለ አራተኛ ድምፅ አተረፍን። እማሆይ ወደ ውጭ እየተመለከቱ ፈገግ አሉ።

መርሳ የደረስነው በምሳ ሰዓት ገደማ ነው። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ስትሆን መርሳ ግን ወደ 1600 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ጠዋት የደረብነውን ካባና ጋቢ በየተራ እያወለቅን ገባን። አገሩ ሞቃት፣ ወንዙም ለመስኖ የተመቸ በመሆኑ በመርሳና በጊራና አካባቢ ማንጎውና ፓፓያው በየጓሮው ይታያል። ወሩ ታኅሣሥ ነበረና ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ዳር ተከምሯል፤ በየአውድማው ጤፍ ይወቃል። የጾመ ነቢያት ጊዜ ስለ ሆነ ከመንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ሽሮ አዘዝን። ባለቤቲቱ የእስልምና ተከታይ ሲሆኑ ምጣዱና ድስቱ ቅባት እንዳልነካው ሳንጠይቃቸው ነገሩን። በወሎ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ታላቅ ወሬ አይቆጠርም።

መካኒክ ያመለከቱንም እኒሁ ሴት ናቸው። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃድ ያልጠየቅናቸው አንድ ሽማግሌ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የእንጨት ጠረጴዛ ዘርግተው፣ በላዩ ላይ ፒንሳና ካቻቪቴ ደርድረው አገኘናቸው። ችኩልነታችንን አይተው «አብሽሩ» አሉን። ይህ የወሎ ሰው ማጽናኛ ቃል ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዝርያ እንኳ «አብሽር» ተብሎ ተሰይሟል።

«ጋሼ፣ ይህን ዳሽቦርድ በቶሎ ዝም ያሰኙልን፤ ላሊበላ የምንሄድ ነን» አልናቸው።

እርሳቸው ግን ካቻቪቴያቸውን አላነሡም። አስቀድመው የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍተው ያለውን ሁሉ በጨርቅ ላይ ዘረገፉት፤ ሦስት ሻማ፣ የጠበል ጠርሙስ፣ የተሰበረ መነጽር፣ ሳንቲምና አንድ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ቁልፍ ወጣ። ከዚያ ሾፌሩን በኮረኮንቹ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አዘዙት። ከድምፆቹ አንደኛው ጠፋ። «ይህ የመኪናዋ ሳይሆን የእናንተ ነበር» አሉን።

ቀጥለው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ መኪናይቱ በዝግታ ስትሄድ መዳፋቸውን በዳሽቦርዱ ላይ ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ ይጫኑ ጀመር። ሲጫኑት ድምፁ በሚቋረጥበት ስፍራ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። እኛም ጠመኔውን አይተን ከሞያችን ዕቃ አንዱን በዚያ ስላገኘነው ደስ አለን። ሦስት ምልክት ከተደረገ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ነቅለው ፈቱት። ራዲዮኑን የያዘውን ክፈፍ ሊያስሩ ከሚገባቸው አራት ብሎኖች ሁለቱ የሉም፤ የፕላስቲኩ መንጠቆ በአንድ ወገን ተሰብሯል፤ ከራዲዮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ እስርም ሳይታሰር ቀርቶ በነቀነቀ ቁጥር ቆርቆሮውን ይመታል። የእኛም ወረቀት በነፋስ ቧንቧው ውስጥ ተገኘ። በጽሕፈቱ አወቅነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነበር። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀለበት ቀለበት እየቆረጡ ከየብሎኑ ሥር አስገቡ፤ የጎደሉትን ሁለቱን ከጣሳቸው መርጠው ተኩ፤ የሽቦውን እስር በብርድ ልብስ ቅዳጅ ጠቅልለው ከአካሉ ጋር አሰሩት። በተሰበረው መንጠቆ ፈንታ ቀጭን ጎማ በስፌት መልክ አሳለፉበት። ማስቲሽ ለምን እንዳላደረጉበት ብንጠይቃቸው፣ «ነገ ሌላ ሰው ይፈታዋል፤ ቢያጣብቁት ሲከፍተው ይሰብረዋል» አሉን። በአዳዲሶቹ መኪኖች በዳሽቦርዱ ውስጥ በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት ስላለ፣ ባለሞያ ያልሆነ ሰው እንዳይነካካውም አስጠነቀቁን።

እኛ ደግሞ ምክንያቱን ለሾፌሩ እናስረዳው ጀመር። ማናቸውም ዕቃ ቢነኩት የሚርገበገብበት የራሱ ልክ አለው፤ የመንገዱና የሞተሩ ንዝረት ከዚያ ልክ ጋር በገጠመ ጊዜ ዕቃው አብሮ ይጮኻል፤ ስለዚህ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚንቀጫቀጠው በ70 ዝም ሊል ይችላል። ደግሞም ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ፣ ደሴ ላይ በብርድ ተኮማትሮ የነበረው መርሳ ሲወርድ ሌላ ልክ ይሆናል። ሾፌሩ በትሕትና አዳመጠን። ሽማግሌው ግን ጎማ እየቆረጡ፣ «መምህርዬ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ታዲያ ወረቀቱን ለምን ጨመሩት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ለድካማቸው ሁለት መቶ ብር ተቀብለው የካላማዳሪያውን ዋጋ እንቢ አሉ። ልንሳፈር ስንል የሾፌሩን እጅ ይዘው፣ «እኔ ዝም ያሰኘሁት አፏን ነው። እግሯ የሚናገረው ካለ አሁን ትሰማለህ፤ ከሰማህ ድልብን እንዳትወጣ» አሉት።

ከመርሳ ወደ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማሆይ መጽሐፋቸውን እንደገና ገለጡ። የማሽላ ዝርያ የሚመረምረው የእርሻ ምርምር ማእከል የሚገኝባትን ሲሪንቃን ስናልፍ በጸጥታው መካከል ከግራው የፊት ጎማ በኩል «ዷ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቆይቶም በሌላው ጉድጓድ ላይ ደገመ። ሾፌሩ በመስተዋቱ ተመለከተን፤ እኛም እንዳልሰማ ሆንን። ቀኑ ቅዳሜ፣ ማግሥቱ እሑድ፣ በዓሉ ማክሰኞ መሆኑን በልባችን እንቆጥር ነበርና። በመጨረሻ ሾፌሩ ጎማውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ፣ «መምህር፣ ይቅርታዎን፤ እስኪታይ ድረስ ከወልድያ አልወጣም» አለን። ተቆጣን። በዓል ያስቀረናል፣ ገና ልጅ ነው፣ የመንገድ ሥጋት ይዞታል፣ እያልን ሰው ፊት ተናገርነው። ቃል አልመለሰልንም።

ወልድያ የጥንቱ የየጁ አገር መዲና፣ ዛሬም የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። መንገዶች በዚያ ይገናኛሉ፤ አንዱ ከደሴ ይመጣል፣ አንዱ በቆቦ በኩል ወደ መቀሌ ያልፋል፣ ሦስተኛው በደርግ ዘመን በቻይና ዕርዳታ ስለ ተሠራ ሰው «የቻይና መንገድ» የሚለው ሲሆን በድልብ ዳገት በኩል ወደ ጋሸናና ወደ ወረታ ይወጣል። የላሊበላ መንገደኛ ይህንኑ ይዞ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋውን የጋሸናን ደጋ መውጣት አለበት። ገደሉን ያየ ያውቀዋል።

በመኪናችን አድረን እሑድ ካስቀደስን በኋላ የመርሳው ሽማግሌ ወደ ጠቆሙን መካኒክ ሄድን። በሰንበት ማሠራታችን ከንክኖን ነበር፤ ዳሩ ግን በጉድጓድ ስለ ወደቀው በሬ በወንጌል የተነገረውን አስበን ተጽናናን። ሰውየው መኪናይቱን በክሪክ አንሥቶ ግራውን ጎማ በሁለት እጁ ሲወዘውዘው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘው ኳስ መሳይ መጋጠሚያ ተበልቶ ከቤቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መካኒኩ እጁን እየጠረገ ዳገቱ ወዳለበት ወገን ተመለከተና፣ «በዚህ ነበር የምትወጡት?» አለ።

መለዋወጫ ሱቁ ዝግ ስለ ነበር ባለቤቱን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቀን ለመንናቸው፤ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ መጥተው ከፈቱልን። ሥራው እስከ ማታ ፈጀ። ማታ ላይ ሾፌራችንን በማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ የተቆጣነው በሰው ፊት ነበርና። እርሱም ጉልበታችንን ለመሳም ጎንበስ ቢል አነሣነው።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ድልብን ወጣን። ከእማሆይ ድምፅና ከሞተሩ በቀር የሚሰማ አልነበረም። በዓሉን በሰላም አክብረን፣ በልደት ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲያዜሙ በዓይናችን አየን። ስንመለስ ያን የተበላ መጋጠሚያ ለመርሳው ሽማግሌ አሳየናቸው፤ በጣታቸው ካገላበጡት በኋላ ለተማሪዎቻችን እንድናሳይ መልሰው ሰጡን። ዛሬም በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዕቃ ሣጥን ውስጥ አለ።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያ አገር በጦርነት ውስጥ ሲያልፍ ስልኩም ተቋርጦ ሽማግሌውን ማግኘት አልቻልንም ነበር። መስመሩ በተመለሰ ጊዜ ደወልንላቸው። ጣሳቸውም፣ ፒንሳቸውም፣ ጠረጴዛቸውም እንደ ጠፋ፣ እርሳቸው ግን ደኅና እንደ ሆኑ ነገሩን። ቀጥለውም መኪናዋ ትናገር እንደ ሆነ ጠየቁን።