«ታሮት ጥንቆላ አይደለም፤ ራሴን የማይበት መስታወት ነው» ለምትሉን



በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ካለፈው ረመዷን ወዲህ ተደጋግሞብናል። አጻጻፉ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፦ «ጠንቋይ ቤት መሄድ ሐራም መሆኑን እናውቃለን። ታሮት ግን ወደፊት የሚሆነውን ለማወቅ ሳይሆን ራስን ለማየት ነው፤ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» ጠያቂዎቹ ሰጋጅ ልጆች ናቸው። «ሐራም ነው፣ አለቀ» ብለን ብንዘጋው ስልካቸው ላይ መመልከቱን ይቀጥላሉ፤ የሚተዉት እኛን መጠየቅ ብቻ ነው።

ላልገጠማችሁ፦ ታሮት ባለ ሥዕል ካርታ ነው፤ ብዛቱ 78። 56ቱ እንደ ተራ መጫወቻ ካርታ በአራት ምልክት የተከፈሉ ሲሆኑ 22ቱ የየራሳቸው ሥዕል አላቸው፦ ሞት፣ ጨረቃ፣ ፍቅረኞቹ፣ የተሰቀለው ሰው፣ ወዘተ። ይበወዛል፣ ይመዘዛል፣ የወጣው ይተረጎማል። የከተማችን ወጣት ግን ካርታውን በእጁ ነክቶት አያውቅም። የሚያየው ቲክቶክ ላይ ነው፤ «ከሦስቱ አንዱን ምረጪ፤ ይህ ቪዲዮ የደረሰሽ በምክንያት ነው» ሲባል።

መጀመሪያ የሚነገረው ነገር «የጥንት ግብፅ ካህናት ምስጢር» መሆኑ ነው። ውሸት ነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን፣ በእነ ሚላንና ፌራራ ቤተ መንግሥት፣ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ነው። የግብፁን ታሪክ ያመጣው ኩር ደ ዤብለን የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነው፤ በ1781 እ.ኤ.አ.። ያኔ የጥንት ግብፅን ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ሻምፖሊዮን የፈታው በ1822 ነው። ሰውየው ማንበብ በማይችለው ነገር ላይ ተፍሲር ጻፈ ማለት ነው! ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኤቴያ በሚል ስም የሚታወቅ ሌላ ፈረንሳዊ በተለይ ለጥንቆላ የሚሆን ካርታ አሳተመ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምታዩት ሥዕል ደግሞ አብዛኛው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥላው በ1909 ለንደን የታተመውን የሚከተል ነው። ጣሊያኖቹ በአንድ እግሩ የተሰቀለውን ሰው «ከሃዲው» ይሉት ነበር፤ በሀገራቸው ከሃዲን እንዲያ ዘቅዝቆ መሣል የታወቀ ማዋረጃ ነበርና። አሁን «ነገርን በሌላ ዓይን ማየት» ተብሎ ይተረጎምላችኋል። (የካርታ ጨዋታ ራሱ ወደ አውሮፓ የገባው ከሙስሊሙ ዓለም ነው። የመምሉኮች ዘመን የግብፅ ካርታ ዛሬም ኢስታንቡል ቶፕካፒ ሙዚየም ውስጥ አለ። ግብፅ ካሉን በዚህ በኩል እሺ፤ እዚያም ግን ጨዋታ ነበር።)

ሌላው ስሕተት የእኛው ሰፈር ነው፤ «ካርታው ውስጥ ጂን አለ» የሚለው። አንድ አባት ውጭ ያለ ዘመድ ለልጃቸው የላከላትን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው፣ በሁለት ጣት ይዘው፣ መስጂድ አመጡልን። ሩቃ እንድንቀራበት ነበር። ግቢ ጥግ እሳት ላይ ስንጥለው ጂኑ ሲወጣ እንዳያገኛቸው ወደ ዉዱእ ማድረጊያው ራቅ ብለው ቆሙ። የወጣው የፕላስቲክ ሽታ ነው። ወረቀትን መፍራት ዲን አይደለም፤ ወረቀት ይጠቅመኛል ከማለት ጋርም ብዙ አይራራቅም።

እሺ፣ ታዲያ «ልክ የእኔን ነገረኝ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የባሕርያችሁ ትንተና» ብሎ ለየግል ወረቀት ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ገለጠላቸው፦ ሁሉም የደረሳቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ እሱም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። «ጠንካራ ትመስያለሽ፣ ውስጥሽ ግን ይጨነቃል» የማይገጥመው ማን አለ? ስኒ ገልብጠው የሚያነቡልን ጎረቤቶቻችንም ይህን ጥበብ ያለ ካርታ ያውቁታል።

ይህ ሁሉ ግን ለአንዲት እኅታችን መልስ አልሆነም። ከሴቶች ደርስ በኋላ ከአክስቷ ጋር መጣች። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ነው፤ በአንድ በኩል የኒካሕ ጥያቄ መጥቶላታል፣ በሌላ በኩል ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታለች። ሁለት ወር ሙሉ በየማታው ስልኳ ላይ ካርታ ስትመዝ ከርማለች። «ኡስታዝ፣ ትንቢት አልጠየቅኩትም» አለችን። «ካርታው ምን እንደሚያስፈራኝ ነው እንዳስብ ያደረገኝ። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።» አክስቷ አንገታቸውን ደፉ።

አንድ ነገር ጠየቅናት። «ካርታዎቹን ሁሉ ፊታቸውን ገልብጠሽ፣ እያየሽ፣ ያሻሽን ሥዕል አንሥተሽ ብታስቢበትስ?» ትንሽ አሰበችና «እንደዚያማ ትርጉም የለውም» አለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ለማሰቢያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ሥዕል ይበቃት ነበር። ክብደት የሰጠችው ለመውጣቱ ነው፤ እሷ ሳትመርጥ የሆነ ነገር መርጦ እንደላከላት። ከእስልምና በፊት የነበሩት ዐረቦች በአዝላም የሚያደርጉትም ይኸው ነበር። ጉዞ ወይም ጋብቻ ሲያስቡ የቀስት እንጨት ይመዛሉ። የተፍሲር ዑለማዎች እንደሚነግሩን በአንዱ ላይ ጌታዬ አዞኛል፣ በሌላው ላይ ጌታዬ ከልክሎኛል የሚል ተጽፎበታል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ባዶው ከወጣ እንደገና ይመዘዛል። ልብ በሉ፦ ነገ ምን ይመጣል ብለው አልነበረም። ስለ ራሳቸው ውሳኔ ነበር የሚጠይቁት። ሱረቱል ማኢዳ ውስጥ የተከለከለውም ይኸው ነው። ስለዚህ «ስለ ወደፊቱ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው» የሚለው ከክልከላው አያስወጣም። (ጠንቋይ የጠየቀ ሰው ሶላቱ አርባ ሌሊት ተቀባይነት የለውም የሚለውን ሐዲስ ሰምተው «እንግዲያው ልተወው» የሚሉም አሉ። ዑለማዎች እንዳብራሩት ምንዳውን ያጣል እንጂ ግዴታው አይነሣለትም፤ ይሰግዳል፣ ይቶብታል።)

ኢብኑል ቀይም በዛዱል መዓድ ውስጥ አላህ ለዚህች ኡማ በአዝላም ፋንታ ኢስቲኻራን እንደተካላት ይናገራሉ። እኛ ደግሞ ምን አደረግን? ኢስቲኻራውን መልሰን ታሮት አደረግነው። ሁለት ረከዓ ሰግዶ አረንጓዴ ሕልም የሚጠብቅ አለ። ሙስሐፍ ዓይኑን ጨፍኖ ገልጦ «የወጣልኝ አያ የዐዛብ ነው፤ ኒካሑ ይቅር» የሚል አለ። አጥ-ጡርጡሺ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በሙስሐፍ ፋል ማየትን ከአዝላም ጎራ መድበውታል። ኪታብ ገልጠን ዕጣሽን እንነግርሻለን የሚሉ ባለ ጥምጣሞችስ? ልጅቷን በስልኳ እየገሠጽን እናቷ እነሱ ጋ ስትሄድ ዝም የምንል ከሆነ ፍርዳችን የተዛባ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ዱዓ ውስጥ ሕልም የለም፣ ምልክት የለም። ጉዳይህን ስሙን ጠርተህ ትናገራለህ፤ ኸይር ከሆነ አግራልኝ፣ ሸር ከሆነ አርቅልኝ ትላለህ፤ ከዚያ ተነሥተህ ትሠራለህ።

ራስን መመርመር ከፈለጋችሁ ሙሓሰባ የእኛው ነው። በ243 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድ ላይ ያለፉት አል-ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ ስማቸውን ያገኙት ነፍሳቸውን አብዝተው በመተሳሰባቸው ነው። ለእኅታችን ካርታ የሌለው ወረቀት ሰጠናት። ከዒሻ በኋላ ሁለቱን ጉዳይ ለየብቻ ጻፊ፤ ከሥሩ የሚያስፈራሽን፣ የምትደብቂውን፣ ማንን ማማከር እንዳለብሽ ጻፊ አልናት። ከዚያ አማክሪ፣ ከዚያ ስገጂ።

በሳምንቱ አክስቷ ብቻቸውን መጡ። ወረቀቱን አብረው ተቀምጠው እንደጻፉት፣ ከፍርሃቶቹ ግማሹ አባቷን የሚመለከት እንደሆነ ነገሩን፤ አባቷን እንድናነጋግራቸው ጠየቁን። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ቀጥረናቸዋል።

ወላሁ አዕለም።